የሞተር ማሞቂያው ገመድ

አባቴ ኡርፖ አምና በበረዶው ወራት ሞተሩ በብርዱ እንዳይደርቅ ሌሊት ከቤቱ ኤሌክትሪክ ጋር የሚሰካውን የሞተር ማሞቂያ ገመድ ሳይነቅል መኪናውን አስነስቶ ሄደና ገመዱን በጠሰው። እኔ ጉረኛው ልጁ እህቶቼ ፊት ጮህኩበት። “አባዬ፣ በቃህ! ነገ ደግሞ ሰው ትገጫለህ!” አልኩና የመኪናውን ቁልፍ ወሰድኩበት። አርባ ዓመት በበረዶ ላይ ግንድ ጭኖ የነዳ ሰው ነው።

ዛሬ ያደርኩት እሱ ቤት ነው። ጠዋት ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ደርሷል። የመኪናዬን መስታወት ፋቅሁ፣ ከጣሪያው ላይ በረዶውን አራገፍኩ፣ መብራቶቹን ጠረግሁ። ማን እንደኔ ጠንቃቃ! ገና መኪናዬን ሳንቀሳቅስ ከፊት በኩል ‘ጧ!’ አለ። ወርጄ ሳይ እኔው ማታ የሰካሁት የማሞቂያ ገመድ ተበጥሶ ከመኪናዬ አፍንጫ ላይ ተንጠልጥሏል።

አባቴ በመስኮት አይቶኝ ኖሯል። በቤት ጫማው በረዶውን እየረገጠ ሲመጣ አንገቴን ደፋሁ። ምነው በሰደበኝ! እሱ ግን ገመዱን ነቅሎ ጠቀለለና ኮቱ ውስጥ ሸጎጠው።

“ለእህቶችህ አልነግርም” አለኝ ቀስ ብሎ። “ሂድ፣ ሥራ ይረፍድብሃል።”

ሄድኩ። የእሱ መኪና ቁልፍ እስካሁን ኪሴ ውስጥ ነው።