የሁለተኛው ፎቅ ብረት

ስልኩ ሲጠራ ፀሐይወርቅ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። የገና በዓል አራት ቀን ቀርቶታል። አምና በዓሉን በዓል ሳትለው ነበር ያለፈው፤ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሰች በሯን ቆልፋ ተኛች። ዘንድሮ ግን ልጇ ጸደንያ አሻፈረኝ አለች። «የጎረቤት ቁሌት እያሸተትን እኛ ዘንድሮም ምስር ይዘን ቁጭ ልንል ነው?» ብላ አምስት ኪሎ ሽንኩርትና ሁለት ዶሮ ይዛ መጣች። ዶሮዎቹ በረንዳው ላይ ታስረው፣ ከታች የሚጮኸውን የጀሞ ታክሲ ረዳት በሰሙ ቁጥር አንገታቸውን ያዞራሉ።

የፀሐይወርቅ እጅ እርጥብ ስለነበር ስልኩን ያነሳችው ጸደንያ ናት። ሁለቱም እንዲሰሙት ድምፁን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ፀሐይ፣ አለሽ? ዲንሳ ነኝ።»

አቶ ዲንሳ ከሀና ማርያም ወዲያ፣ ከአያታቸው ጀምሮ እዚያው የኖሩ ገበሬ ናቸው። እርሻው ሁሉ ቤትና ሱቅ ሆኖ አልቆ ዛሬ የቀራቸው አንድ ሰፊ ግቢ፣ አራት የወተት ላምና አጥር ጥግ የቆመች አንዲት ወይራ ናት። ሟቹ ባሏ ገሠሠ ቀያሽ ነበር። ያን ሰፈር ሊለካ ሄዶ ችካል ሲተክል ከዲንሳ ጋር ተጣሉ፤ በዚያው ዓመት የገና ዕለት ሜዳው ላይ የገናን ኳስ፣ ሩርን፣ ሲመቱ ተገናኝተው ታረቁ። ከዚያ ወዲያ ሃያ ሁለት ገና አብረው ተጫውተዋል።

«ገሤ ያሰራት ቅርንጫፍ ደርሳለች» አሉ ዲንሳ። «ዘንድሮ ካልተቆረጠች ትወፍራለች። ከወፈረች ደግሞ ለማገዶ ካልሆነ ለሌላ አትሆንም።»

ፀሐይወርቅ ቢላዋውን አስቀመጠች።

ገሠሠ አያጨስም፣ አይጠጣም፣ የቴሌቪዥን ኳስም ደንታው አልነበረም። ሱሱ የገና ዱላ ነው። ሌላው ሰው እንጨቱን ቆርጦ በእሳት እየለበለበ ያጎብጠዋል። እሱ ግን በእሳት የጎበጠ ዱላ ውሎ አድሮ መሰንጠቁ አይቀርም ባይ ነው። ለጋ ቅርንጫፍ ይመርጥና ዛፉ ላይ እንዳለ አጎብጦ፣ ጫፉን ከግንዱ ጋር በአሮጌ የብስክሌት ጎማ ላስቲክ ያስረዋል። በየዓመቱ በገና ሰሞን እየሄደ ላስቲኩን ላላ ያደርግለታል። ቅርንጫፉ እንደታሰረ ያድጋል፤ በአራተኛው ዓመት ዱላ ሆኖ ይቆረጣል። ሰው ከብት ያረባል፣ አበባ ይተክላል፤ ገሠሠ በሰው ግቢ ዱላ ያሳድግ ነበር።

«እኔ ቋጠሮውን አልነካም» አሉ ዲንሳ። «ያሰረው ሰው ነው የሚፈታው፤ የሁለታችን ሕግ ነበር። እሱ ከሌለ የቤቱ ሰው ይምጣ።»

«ተዉዋት ጋሽ ዲንሳ። ዱላ የሚይዝ ሰው የለንም።»

«አለን» አለች ጸደንያ። «እኔ ምን ሆኜ ነው?»

ዲንሳ ሳቁ። «አንቺ? እኔ ግቢ መጥተሽ ከጥጃ ሸሽተሽ አጥር ላይ የወጣሽው ልጅ አይደለሽም?»

«ጥጃው እያባረረኝ ነዋ ጋሼ። ሩሩን የማባርረው እኔ ነኝ።»

«ይሁንላችሁ፤ ላም የሚታለብበትን ሰዓት ብቻ አሳልፋችሁ ኑ» ብለው ዘጉ።

ፀሐይወርቅ እጇን ታጠበች፤ እጇ ቶሎ ቢጠራም ከውሃው ሳትወጣ ቆየች።

«እማዬ» አለች ጸደንያ ከኋላዋ። «የብሎካችን ልጆች ዘንድሮ ከኋላ ባለው ባዶ ሜዳ ሊጫወቱ ነው። ሰው ጎደለን ብለው እኔንም ጽፈውኛል። አባዬ እኮ ልጅ ሆኜ ይዞኝ ይሄድ ነበር።»

«ቤታችን ለእንጨት ቦታ የለውም።»

«አሥራ አንዱን ዱላ ለሰው ስትሰጪ ዝም አልኩሽ። ይቺኛዋ ግን የመጨረሻዋ ናት።»

ፀሐይወርቅ ወደ ሽንኩርቱ ተመለሰች። ገሠሠ በሞተ በአርባኛው ቀን በር ጀርባ ተደርድረው የነበሩትን ዱላዎች በሙሉ ለጎረምሶች አድላለች። ሰው ሁሉ፣ ስታያቸው ሆዷ እየባባ ነው አለ። እሷም ይህን አላስተባበለችም።

የዱላዎቹ ነገር ሌላ ነበር። ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ የሚኖሩት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ገሠሠ ከጨዋታ ሲመለስ፣ በየፎቁ የደረጃውን ብረት በዱላው ሦስት ሦስት ጊዜ እየመታ ነበር የሚወጣው። አንደኛ ፎቅ ላይ ሦስት፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሦስት፣ ቤቱ በር ላይ ሦስት። የመጀመሪያውን ስትሰማ ወጡን ታሞቃለች፤ ሁለተኛውን ስትሰማ መሶቡን ትከፍታለች፤ ሦስተኛውን ሲመታ በሩ ተከፍቶ ይጠብቀዋል። በዚህ የሚስቅ ጎረቤት ነበር፤ እሷ ግን ትወደው ነበር።

ሁለት ዓመት ሆነው። የገና ዕለት ለስምንት ሰዓት ምሳ እደርሳለሁ ብሎ ወጣ። ጸደንያ ያን ጊዜ ሥራዋ ዲላ ስለነበር ለበዓሉ አልመጣችም፤ ሁለቱ ብቻቸውን ነበሩ። ስምንት ሰዓት አለፈ፣ ዘጠኝ ሆነ፣ አሥር ሆነ። ፀሐይወርቅ እህል አልቀመሰችም፤ እየተናደደች ተቀመጠች። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን አንደኛ ፎቅ ላይ ሦስት ጊዜ ሰማች። ወጡን አላሞቀችም። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሦስት ጊዜ ሰማች። መሶቡን አልከፈተችም። ከዚያ ጸጥ አለ። «አሁን ደግሞ ከማሚቴ ጋር ወሬ ይዟል» አለች በልቧ፤ ማሚቴ የሁለተኛ ፎቅ ጎረቤታቸው ናት። ዛሬስ በሩን ቀድሜ አልከፍትለትም ብላ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። ግድግዳው ላይ ሰዓት ነበር። ሃያ ደቂቃ።

ማሚቴ ለበዓል ዘመድ ቤት ሄዳ እቤቷ እንዳልነበረች ፀሐይወርቅ ያወቀችው፣ ጥበቃው ገሠሠን ደረጃው ላይ ወድቆ አግኝቶ ከታች ሲጮህ ነው።

ሐኪሙ ልብ ነው አለ። ሰዉ ወዲያው ነው ያለፈው፣ አልተሰቃየም እያለ አጽናናት። ሃያ ደቂቃ ለውጥ ያመጣ እንደሁ አልጠየቀችም። ስለ ሃያ ደቂቃውም ለአንድም ሰው አልነገረችም።

ድምፁ ታኅሣሥ ሲገባ ነው የሚጀምረው። ማታ አይደለም፤ በጠራራ ቀን ነው፣ ፀሐይ ወደ ፉሪ ጋራ ዘንበል ስትል፣ ልጆች ደረጃው ላይ ሲሯሯጡ። አንደኛ ፎቅ ላይ ሦስት። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሦስት። ከዚያ ምንም። አምና ዱላው ከቤት ወጥቷልና ይተወኛል ብላ ነበር፤ አልተዋትም። ዘንድሮም ወሩ ከገባ ጀምሮ አምስት ቀን ሰምታዋለች። ብረቱ ሲመታ እጇ ከያዘው ነገር ላይ ይቆማል፤ ሦስተኛውን ትጠብቃለች፤ ሦስተኛው አይመጣም።

እንግዲህ በዚህ ላይ ነው ልጇ ዱላ ላምጣ የምትለው።

በዋዜማው ጠዋት ጸደንያ ጫማዋን አድርጋ በሩ ላይ ቆመች። «ብቻዬን እሄዳለሁ። ቋጠሮውንም እኔ እፈታዋለሁ።»

ፀሐይወርቅ የልጇን እጅ አየች፤ ጣቶቿ የአባቷ ናቸው፣ ጥፍሯ ግን ቀለም የተቀባና ረጅም ነው። በዚያ ጥፍር ቋጠሮ አይፈታም። ነጠላዋን አነሳች።

በላፍቶ በኩል ሁለት ታክሲ ይዘው ደረሱ። የዲንሳ ግቢ በሦስት ወገን በፎቅ ተከቧል፤ ወይራዋ ግን የድሮው ቦታዋ ላይ ናት። ዲንሳ መጋዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር።

«መጣሽ?» አሏት። ሌላ አላሉም።

ቅርንጫፏ የሰው የእጅ አንጓ አክላ፣ ወደ ግንዱ ጎብጣ ታስራለች። ሁለት ዓመት ያላላላት ሰው ስላልነበረ ላስቲኩ ቅርፊቷ ውስጥ ሰጥሟል። ፀሐይወርቅ ቋጠሮውን አወቀችው። ፍራሽ ሲያስር፣ የእህል ጆንያ ሲያስር፣ ጸደንያ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ሻንጣዋን ሲያስር፣ ገሠሠ ጅራቱን ወደ ውስጥ ይቀብረዋል። ጫፉን በጥፍሯ ፈልጋ አገኘችው። ላስቲኩ ደርቆ እየተፈረፈረ ጥቁር ትቢያው እጇን አለበሳት። ማንም እንርዳሽ አላለም። ላሟ ከጋጣው ውስጥ አንድ ጊዜ ጮኸች።

ቋጠሮው ሲለቅ ቅርንጫፏ ትስፈነጠራለች ብላ ፊቷን ሸሸት አደረገች። አልተስፈነጠረችም። ማንም ሳይዛት እንደጎበጠች ቀረች።

ጸደንያ ዱላውን ለመላጥ ቢላዋ ፍለጋ ወደ ቤት ስትገባ ዲንሳ መጋዛቸውን አቁመው መሬት መሬት አዩ።

«ያን ቀን ሁለት ጊዜ ተቀምጧል» አሉ። «ከጨዋታው መሀል ወጥቶ። ደረቱን እንዲህ ያሽ ነበር። ላድርስህ ስለው፣ ‹ፀሐይ እህል ሳትቀምስ ቁጭ ብላለች፤ አንተን ይዤ ብገባ ደግሞ ይብስባታል› ብሎ ሳቀብኝ። ልሸኘው ይገባኝ ነበር። ይኸው ሁለት ዓመት ሳልነግርሽ።»

ፀሐይወርቅ አፏን ከፈተች። ሃያው ደቂቃ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር።

«እርስዎ ምን ያድርጉ ጋሽ ዲንሳ» አለች። ላስቲኩን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

የገና ዕለት ቤቱ በቄጤማና በዶሮ ወጥ ሽታ ታወደ። ከሌሊቱ ቅዳሴ ተመልሰው ጾሙን ፈቱ። ማሚቴ ዳቦ ይዛ መጥታ፣ ዶሮው ጨው በዝቶበታል ብላ ተችታ፣ ሁለት ጊዜ ጨምራ በልታ ሄደች። ከቀትር በኋላ ጸደንያ የአባቷን የሹራብ ኮፍያ አጥልቃ፣ አዲሱን ዱላ ትከሻዋ ላይ አጋድማ በሩ ላይ ቆመች።

«አሥር ሰዓት ላይ እመጣለሁ። ሳልመጣ እንዳትበዪ።»

«ሰዓት አትንገሪኝ» አለች ፀሐይወርቅ።

«ምን?»

«ሂጂ፤ አሸንፊያቸው።»

በሩ ሲዘጋ ቤቱ ጠበባት። በረንዳ ላይ ወጥታ ሜዳውን ፈለገች፤ ከብሎኮቹ መሀል አቧራው ብቻ ነው የሚታየው፣ ጩኸቱ ብቻ ነው የሚሰማው። ተመልሳ ገብታ ወጡን ምድጃ ላይ ጣደች። አሥር ሰዓት ሆነ። አለፈ። ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፤ ያው ወንበር ነው። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ላለማየት ጀርባዋን ሰጠችው።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ አንደኛ ፎቅ ላይ ብረቱ ሦስት ጊዜ ተመታ።

የትኛው እንደሆነ አላወቀችም። በየታኅሣሡ የምትሰማው ይሁን፣ የልጇ ይሁን። ድምፁ አንድ ነው።

ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሦስት ጊዜ ተመታ።

ከዚያ ጸጥ አለ።

ፀሐይወርቅ እስክታስብ አልጠበቀችም። በሩን እንደተከፈተ ትታ፣ አንድ እግሯ ነጠላ ጫማ ውስጥ ገብቶ ሌላው ሳይገባ፣ የደረጃውን ብረት ይዛ ወረደች። ጉልበቷ ታመመ። በመካከለኛው መታጠፊያ ላይ ዓይኗን ለአፍታ ጨፈነች፤ ጨፍናም ወረደች።

ጸደንያ ሁለተኛ ፎቅ ደረጃው ላይ ተቀምጣ፣ ሱሪዋን ወደ ላይ ሰብስባ፣ ቅልጥሟ ላይ ያበጠውን እያሸች ነበር። ዱላው አጠገቧ ብረቱን ተደግፎ ቆሟል። ቀና ብላ እናቷን አየች፤ ከዚያ ባዶ እግሯን አየች።

«እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው? እየመጣሁ ነበር እኮ። አንዱ ደነዝ ሩሩን ትቶ እኔን መታኝ፤ ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው።»

«ቆመ» አለች ፀሐይወርቅ።

«ምኑ?»

«ድምፁ። ሲቆም ጊዜ ወረድኩ።»

ብረቱን እንደያዘች ቀስ ብላ ልጇ ጎን ተቀመጠች። የተቀመጠችበትን ቦታ ታውቀዋለች፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትወጣ ስትወርድ በዳር በዳር እየረገጠች ያለፈችው ደረጃ ነው። ስሚንቶው ቀዝቃዛ ነበር። ጸደንያ ሱሪዋን አወረደች።

«ያን ቀንም ሰምቼው ነበር» አለች ፀሐይወርቅ። «አባትሽን። እዚህ ድረስ መምታቱን ሰምቻለሁ። ሲቆም አልወረድኩም። ተናድጄበት ነበር።»

ጸደንያ እጇን ከቅልጥሟ ላይ አነሳች።

«ሃያ ደቂቃ ቁጭ አልኩ።»

ከታች አንድ ቤት ዘፈን ተከፍቶ ነበር፤ ሰው ይስቃል። ጸደንያ ዱላውን ከብረቱ ላይ አንስታ ጉልበቷ ላይ አጋደመችው፤ ጫፉ እናቷ ጭን ላይ አረፈ። ፀሐይወርቅ ቅርፊቱ በተላጠው እንጨት ላይ ላስቲኩ የቀረጸውን ስርጉድ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። «ንገሪኝ» አለች ጸደንያ፣ ፊቷን ሳታዞር። «ከስምንት ሰዓት ጀምረሽ ንገሪኝ።»

ላይ ቤት በሩ እንደተከፈተ ነው። ወጡ ምድጃው ላይ ማረር ጀምሮ ሽታው ወደ ደረጃው ወረደ። ለሁለቱም ሸተታቸው፤ ማንም አልተነሳም።