እጅ ወደ ኋላ

መምህርቷ የብዙ አገር መዋዕለ ሕፃናት ጎብኝታ ስትመለስ ሦስት ነገር ይዛ መጣች። በአንዱ አገር ሕፃናት በብርድ ደጅ ይተኛሉ፤ ሌላው ዘንድ በእውነተኛ ቢላ ካሮት ይከትፋሉ። ዳይሬክተሯ እስከዚህ ሰምታ ውኃ ጠየቀች። ሦስተኛው፣ ልጆች ሲጣሉ አስተማሪው ሳይገላግል እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መጠበቁ ነበር።

"እሱን እስከ ዓርብ ሞክሪው" አለች ዳይሬክተሯ። "አንድ ጭረት ካየሁ ግን አንቺን መዝገብ ቤት ነው የማስገባሽ።"

መዝገብ ቤቱ መስኮት የለውም። መምህርቷ ሌሊቱን አቧራ ስታልም አደረች።

ያስቸገሯት ግን ልጆቹ ሳይሆኑ ዘበኛው ናቸው። ሰው ድምፁን ከፍ ካደረገ ጉርሻቸውን ጥለው ለመገላገል የሚሮጡ ሽማግሌ!

"ልጄ፣ መገላገል ነውር ሆነ እንዴ?"

"አባባ፣ ራሳቸው ይማሩታል።"

"እስኪማሩ ዓይን ይጠፋላ!"

"ዓይን ሊጠፋ ሲል እንገባለን።"

በማግስቱ ዘበኛው ራሳቸውን ስላላመኑ፣ እጃቸውን በገዛ ሻርፓቸው በጽዳቷ ሴት የፊጥኝ አሳሰሩ። በሩን በትከሻቸው ሲከፍቱ ሰነበቱ።

ዓርብ ከሰዓት ፍንጭቷ ልጅና ድቡልቡሉ ልጅ በአንዲት ቀይ ጋሪ ተያያዙ። እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ፤ ጉተታ ሆነ። የመምህርቷ ጣቶች ከጀርባዋ እርስ በርሳቸው ይጣሉ ነበር። ይባስ ብሎ የድቡልቡሉ እናት ልጇን ልትወስድ መጥታ በረንዳው ላይ ከዳይሬክተሯ ጋር ቆማለች።

"ኧረ ልጄን! ቆማችሁ ታያላችሁ?"

"እኔም ይቅርብን ብዬ ነበር" አለች ዳይሬክተሯ።

"ታዲያ ማን ፈቀደ? ጎረቤት?"

"ድምፅሽን ቀንሺ!"

"አልቀንስም! የመውጫ ደብተሩን ይስጡኝ፣ ፈርሜ ልጄን ልውሰድ!"

"ተረጋጊና እሰጥሻለሁ!"

የመውጫ ደብተሩን አንዷ ከዚህ፣ አንዷ ከዚያ ጨምድደው ይዘው ይጓተቱ ጀመር።

ይህን ጊዜ ፍንጭቷ ጋሪው ላይ ጉብ ብላለች። "እስከ ዛፏ አንተ ትገፋለህ፤ ከዛፏ እኔ" ተባብለው ኖሯል። ጩኸቱን ሰምተው በረንዳው ሥር ሲደርሱ ቆሙ፤ እጃቸውንም ወደ ኋላ አጣመሩ። ሌሎቹም እየሮጡ መጥተው ተሰለፉ።

ዘበኛው አልቻሉም። "ኧረ እባካችሁ—"

"አባባ፣ እንዳይገቡ!" አለች ፍንጭቷ። "ራሳቸው ይማሩታል።"

ድቡልቡሉ የእናቱን ፊት በሥጋት አየ። "ዓይን ሊጠፋ ሲል እንገባለን" አላት፣ ሊያጽናናት።

ደብተሩን መጀመሪያ የለቀቀችው እናትየዋ ናት። ዳይሬክተሯ ወርዳ የድቡልቡሉን ክንድ አገላብጣ፣ የፍንጭቷንም ጉንጭ አየች። ጭረት የለም። የተቀደደው የደብተሩ ሽፋን ብቻ ነው።

"ሰኞ" አለች ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ መምህርቷን ሳታያት፣ "ለወላጆችም ሥልጠና ስጪ።"

"ለዳይሬክተሮችም!" አለች እናትየዋ።

"ምን አልሽ?"

"የሰሙትን!"

ዘበኛው ጀርባቸውን ለመምህርቷ አዞሩ። "ልጄ፣ የሕፃናቱን ሰምቻለሁ። አሁን ይህችን ሻርፕ ፍቺልኝና፣ ቢያንስ እነዚህን ላስታርቅ።"