አሥራ አራተኛው ጭነት

«ወደ ግራ… ወደ ግራ… ቀስ በይ እንጂ! እዚያው፣ እዚያው ቁሚ!»

ክሬን ነጂዋ መሪውን ለቀቀች። ከእግሯ ሥር ካለው መስታወት ባሻገር፣ ከዘጠኝ ፎቅ በታች፣ አንድ እስር የብረት ቱቦ በገመዱ ጫፍ ላይ ሁለት ጊዜ ተወዛወዘና ረጋ አለ።

«አሁን ዝቅ። ዝቅ… ዝቅ… ተቀመጠ። ሦስተኛው ይኸው። አሥራ አንድ ቀረን።»

«መቁጠሩን ተወው» አለችው በመገናኛ ሬዲዮዋ። «ስትቆጥር ቶሎ የሚያልቅ ይመስለኛል።»

«እሺ፣ አልቆጥርም። አሥራ አንድ መሆኑን ግን እወቂው።»

ሳቋ መጣ። ስምንት ወር ሙሉ እንዲህ የሚያስቃት ሰው አጥታ ነበር።

ግንበኞቹ አሞራዋ ይሏታል። ስሙን ያወጡላት በመጀመሪያው ዓመት ሊያላግጡባት ነበር፤ ሴት ልጅ ክሬን ላይ ወጥታ ምን ልትሠራ ነው ብለው። ኋላ ግን ሁለት ቶን ብረት አንስታ እንደ እንቁላል ስታስቀምጥ ሲያዩ የኩራት ስም ሆነ። ከታች ሆኖ የሚመራት ምልክት ሰጪ ደግሞ ጋዜጣው ይባላል። ክሬን ነጂ ከላይ ሆና ሁሉን አታይም፤ ጭነቱ ከሕንጻው ጀርባ ሲሆን ዐይኗ እሱ ነው፣ የሚላትን ብቻ አምና ነው የምታወርደው። እሱ ታዲያ በጭነትና በጭነት መሀል አፉ አያርፍም። ማን ከማን እንደተጣላ፣ የፎርማኑ ሱሪ የት ጋ እንደተቀደደ፣ የግቢዋ ድመት ስንት እንደወለደች ሁሉ ወደ ላይ ይልክላታል። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በቀን ዘጠኝ ሰዓት፣ እንዲህ ሲያወሩ ኖሩ። ባልና ሚስት እንኳ ይህን ያህል አያወሩም።

የሚገርመው መሬት ላይ ነው። አሞራዋ ወርዳ ፊት ለፊት ሲገናኙ ሁለቱም ድዳ ይሆናሉ። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ደፍሮ አጠገቧ ተቀመጠ። ሁለቱም ዳቧቸውን እያዩ ሰዓቱን ጨረሱት። ተመልሳ ከወጣች በኋላ «ለምን ዝም አልሽኝ?» አላት በሬዲዮ። «አንተስ?» አለችው። «እኔማ አንቺ እስክትጀምሪ እየጠበቅሁ ነበር።» «እኔም እኮ!» ከዚያ ወዲያ አልሞከሩትም። ሕንጻው ሃያ ፎቅ ነው፣ ገና ብዙ ጊዜ አለን ብለው ተዘናጉ።

ሕንጻው ዘጠነኛው ላይ ቆመ። መጀመሪያ ሲሚንቶ ጠፋ። ሲሚንቶው ሲገኝ የብረቱ ዋጋ ሰማይ ወጣ፤ ብረቱ ረከስ ሲል ባንኩ በሩን ዘጋ። አንድ ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ «እስኪነገራችሁ ድረስ» ተብሎ ተበተነ። ጋዜጣው ከከተማው ዳር ብሎኬት ማምረቻ ገባ። አሞራዋ በሳምንት አንድ ቀን እየመጣች ክሬኑን ቅባት ታጠጣለች። ክንዱ ከነፋሱ ጋር እንደ ልቡ እንዲዞር ፍሬኑ መለቀቁንም ታያለች፤ ፍሬኑ ከተያዘ ነፋስ ሲበረታ ክሬኑን ሊጥለው ይችላል። ሥራዋን ስትጨርስ ሬዲዮውን ከፍታ ትንሽ ትሰማለች። ሽሽሽ ይላል፣ ሌላ ምንም የለም። ስልክ ቁጥሩ ነበራት። ግን ደውላ ምን ትበለው? በስልክ የሚሠሩት ሥራ የላቸው፤ «ወደ ግራ ልዙር?» አትለው ነገር። እንዲህ ሆና ስምንት ወር ናፈቃት፣ ለማንም ትንፍሽ ሳትል።

ዛሬ ጠዋት ኢንጂነሩ ቢሮው ወደሆነው ኮንቴይነር ጠራት።

«ክሬኑ ሊሄድ ነው» አላት። «ዛሬ ጣሪያው ላይ የቀረውን ዕቃ ታወርጂያለሽ፤ ከነገ ወዲያ ፈታቾቹ ይመጣሉ።»

«የት ነው የሚሄደው?»

«ባሕር ማዶ። ድርጅቱ እዚያ ሥራ አግኝቷል። አንቺንም ከክሬኑ ጋር ይፈልጉሻል፤ ጠባዩን ታውቂያለሽ። ለሁለት ዓመት ነው። ወረቀቱ ዛሬ ስለሚላክ ወደ ቤት ከመሄድሽ በፊት ቁርጡን ንገሪኝ።»

«እዚህስ? ሥራው አይመለስም እንዴ?»

ኢንጂነሩ መነጽሩን አውልቆ ዐይኑን አሸ። «ባለሙያዎቹ በየስብሰባው ‘ዘርፉ እያንሰራራ ነው’ ይላሉ። እኔም ከዓምና ጀምሮ አብሬ እያንሰራራሁ ነው፤ ጫማዬን ያየ ይመሰክራል። ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት… እኔ እንጃ። አንቺን አልዋሽሽም።»

«ዛሬ ምልክት የሚሰጠኝ ማነው?»

«ጋዜጣውን ለአንድ ቀን አስጠርቼዋለሁ።»

ልቧ ድው አለ። ባሕር ማዶ ስትባል እንኳ እንዲህ አልሆነችም።

እናቷን ሰበብ እንዳታደርግ፣ ደውላ ስታማክራት እናቷ «ሂጂ ልጄ፣ ለኔ እህትሽ አለችልኝ» ብላ መንገዱን ጠረገችላት። የሚይዛት አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ እሱም ከታች ቢጫ ቆቡን ደፍቶ ጭነት የሚቆጥረው ሰው ነው። አትሂጂ ቢላት አትሄድም። ቢላት ነው እንግዲህ!

ስድስተኛው ጭነት ላይ አላስችል አላት።

«ሰማህ አይደል?»

«ምኑን?»

«ክሬኑ የት እንደሚሄድ።»

«ሰማሁ።»

«እኔንም ይፈልጉኛል።»

«እሱንም ሰማሁ። ጥሩ ዕድል ነው።»

«ጥሩ ዕድል ነው?»

«አዎ። ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ግድግዳውን እንዳይነካ።»

ወደ ቀኝ አዞረች፣ ግድግዳውን አልነካም። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ከሥራ ውጭ ቃል አልወጣቸውም። ሰባተኛው ወረደ፣ ስምንተኛው ወረደ። ኮንክሪት የሚፈስበት የካሳፎርማ ጣውላ በየእስሩ ተራ በተራ ተቀመጠ። እሱ ራሱ መቁጠሩን ተወ። አሁን ደግሞ እንዲቆጥር ፈለገች፤ የሰው ነገር እንዲህ ነው። አሥራ ሦስተኛው ሲያርፍ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ማዘንበል ጀምራለች፤ ጣሪያው ላይ የቀረው የሲሚንቶ ማቡኪያ ሚክሰሩ ብቻ ነበር።

«የመጨረሻዋ ናት» አለ ጋዜጣው። «አስረውታል። ቀስ ብለሽ አንሺው።»

«እሺ።»

እዚህ ላይ ነው ጉዱ የፈላው። ሬዲዮዋ ስምንት ወር አቧራ ሲጠጣ የከረመ ነው። መናገሪያውን ቁልፍ ተጭና «እሺ» አለችና ለቀቀችው፤ ቁልፉ ግን ተጣብቆ ቀረ። እሷ አላወቀችም። ቁልፉ እንዲያ ሲቀር የምትተነፍሰው ሁሉ በመስመሩ ላይ ላለው ሰው ሁሉ ይሰማል፤ የሌላው ድምፅ ግን ወደ እሷ አይደርስም። በመስመሩ ላይ ጋዜጣው አለ፣ ፎርማኑ አለ፣ ኢንጂነሩ አለ፣ ዘበኛው አለ፣ ጣሪያው ላይ ዕቃ የሚያስሩት ሁለቱም አሉ።

«ጥሩ ዕድል ነው ይለኛል!» አለች ለራሷ፣ ሚክሰሩን እያነሳች። «ምን ዓይነት ደረቅ ሰው ነው! ስምንት ወር ሙሉ አንድ ቀን ልደውልላት አይልም? እኔስ ብሆን ለምን አልደወልኩም፣ ደንቆሮ! በየሳምንቱ እየመጣሁ ማንን ስጠብቅ እንደነበር ይሄ ክሬን ያውቃል። ምናለበት አንዴ አትሂጂ ቢለኝ? አትሂጂ ቢለኝ እኮ ባሕር ማዶ ገደል ይግባ፤ አብሬው ብሎኬት እሸከም ነበር። እንግዲህ እዚያ ሄጄ ማን ነው ቀስ በይ የሚለኝ? ድመቷ አራት ወለደች ብሎ የሚነግረኝስ ማነው? ናፍቀኸኝ ልሞት ነው እኮ፣ አንተ ሰውዬ…»

ወደ ታች ስታይ ግቢው እንደወትሮው አልነበረም። ሰው ሁሉ አንጋጦ ያያታል። ፎርማኑ አፉን በእጁ ይዟል። ዘበኛው በሩን ጥሎ መሀል ሜዳ ድረስ መጥቷል። ጋዜጣው ሁለት እጁን ግራና ቀኝ ዘርግቶ እንደ ግንድ ቆሟል፤ ይህ «ቁሚ» ማለት ነው። ጭነቱ የተፈታ መሰላትና ደንግጣ አቆመችው። እሱ አሁን የራሱን ሬዲዮ ከፍ አድርጎ አሳያትና በአውራ ጣቱ ደጋግሞ ጠቆመው። ወደ ራሷ ሬዲዮ ዞረች። ቀዩ መብራት በርቷል።

«ወይ ጉዴ!» አለች።

ይህም ተሰማ።

በጥፍሯ ቁልፉን ፈልቅቃ አስለቀቀችው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች፣ መሬቷ ግን ዘጠኝ ፎቅ ትርቃለች። ፊቷ ጋለ። ሰው እንዴት ሆዱን እንዲህ ገልብጦ ለሰፈር ያሰጣል!

«ይሰማል?» አለ ጋዜጣው። ድምፁ ተለውጧል።

«ይሰማል» አለች በቀጭኑ።

«ሚክሰሩ አየር ላይ ነው። መጀመሪያ እሱን እናውርደው። እሺ?»

«እሺ።»

«ወደ ግራ። ወደ ግራ… ቀስ በይ። ዝቅ… ዝቅ… ዝቅ። ተቀመጠ። አሥራ አራት።»

ግቢውን የሚያዘው ፎርማኑ ነው፤ በሥራ ሰዓት ቀልድ አልወድም የሚል ቆፍጣና ሰው። መጀመሪያ በሬዲዮ የገባው እሱ ነው።

«ጋዜጣው!»

«አቤት።»

«ለልጅቷ መልስ ስጣት እንጂ! እኛም እኮ ሥራ አለን።»

ግቢው በሳቅ አውካካ። ጋዜጣው አልሳቀም። ከላይ ሆና ታየዋለች፤ ጀርባውን ለሰዎቹ ሰጥቶ ሬዲዮውን ወደ አፉ አስጠጋ።

«ባለፈው ሳምንት ኢንጂነሩ ዘንድ መጥቼ ነበር» አለ። «ከክሬኑ ጋር ላኩኝ ብዬ። ምልክት ሰጪ ከዚያው ይቀጠራል አለኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። አትሂጂ እንዳልልሽ እዚህ ምን አለ? ብሎኬት የሚገዛን ጠፍቶ በሳምንት ሦስት ቀን ነው የምንሠራው። አንቺን የመሰለ ነጂ ብሎኬት አሸክሜ እግዜርን ምን እለዋለሁ? ጥሩ ዕድል ነው ያልኩሽ ጥርሴን ነክሼ ነው። ስልክማ ስንቴ አነሳሁ መሰለሽ። ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ።»

አሞራዋ እንባዋን በጓንቷ ጠረገች፤ ጓንቷ ቅባት ስለነበረ ጉንጯ ጠቆረ። ክንዱን ለነፋሱ ለቀቀችው፣ ሞተሩን አጠፋችና መሰላሉን ይዛ መውረድ ጀመረች። ስትደርስ ሰው ሁሉ በድንገት ሥራ በዝቶበት ነበር። አንዱ የተጠረገ መሬት ይጠርጋል፣ ሌላው የታሰረ ጣውላ ያስራል። ወደ ማንም ሳታይ ኮንቴይነሩ ገባች።

ኢንጂነሩ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አዘጋጅቶ ይጠብቃታል። ሬዲዮው አጠገቡ ነው።

«ሰምተዋል መቼም» አለችው።

«ያልሰማ የለም። ቁጭ በይ።»

አልተቀመጠችም። «እሄዳለሁ፤ ግን ብቻዬን አልሄድም። እሱ አብሮኝ ከሄደ ነው።»

«ነግሬዋለሁ እኮ። ምልክት ሰጪ ከዚያው ነው የሚቀጠረው፣ ደንቡ ነው።»

«ደንቡን የጻፈው ሰው ክሬን ላይ ወጥቶ ያውቃል? ስድስት ዓመት እዚህ ግቢ ውስጥ አንድ ሰው ጣቱ አልተቆረጠም፣ አንድ ግድግዳ አልተነካም። ይሄ የኔ ችሎታ ብቻ ይመስልዎታል? እኔ በማላውቀው ሰው ድምፅ ከሰው ራስ በላይ ሁለት ቶን አላንጠለጥልም።»

«ይሄን የምትይው ለሥራው ነው ወይስ…»

«ለሁለቱም ነው» አለች ፍርጥም ብላ። «ከዛሬ ወዲያ ምን ልደብቅ?»

ኢንጂነሩ ፈገግታውን ዋጥ አደረገ። «ደብዳቤ እጽፋለሁ። በደንብ አድርጌ ነው የምጽፈው። ግን ልብሽ ይወቀው፤ እምቢ ካሉ ቦታው ለሌላ ይሰጣል፣ ተጠባባቂ አላቸው። ያኔ ክሬኑም ይሄዳል፣ አንቺም እዚህ ትቀሪያለሽ። እዚህ ደግሞ መቼ ክሬን እንደሚቆም አንድዬ ነው የሚያውቀው።»

በመስኮቱ ወደ ክሬኑ አየች። ቢጫው ክንድ ነፋሱን ተከትሎ ቀስ እያለ ይዞራል። ስድስት ዓመት ከዚያ ላይ ሆና ከተማው ሲያድግ ያየችበት ነው፤ ከነገ ወዲያ ቦታው ባዶ ሰማይ ይሆናል። ለክሬኑም ልቧ አዘነ። የሚሄድበት አገር ሌላ ሰው ቢወጣበት ትቀናለች፣ ራሷን ታውቃለች። እጇ ወደ እስክሪብቶው ሄደ፤ ከዚያ ወደ ኪሷ መለሰችው።

«ይጻፉ» አለች። ወረቀቱን ሳትፈርም እዚያው ተወችውና ወጣች።

ጋዜጣው ከወረደው የብረት ቱቦ ላይ ተቀምጦ ማሰሪያ ገመድ ይጠቀልላል። ሲያያት ብድግ አለ። ሬዲዮውን ለዕቃ ቤት አስረክቦ ስለነበር እጁን ምን እንደሚያደርገው ቸገረው። በቅርብ ስታየው ጺሙ ጥቂት ሽበት አውጥቷል። ይህን ማንም አልነገራትም። ግቢው በሙሉ ጆሮውን አቁሞ የሚጠብቅ መሰላት፣ መጠበቁንም እየጠበቀ ነበር። እንደዚያ ምሳ ሰዓት ቃል ሳይለዋወጡ ሊለያዩ ምንም አልቀራቸውም።

«ፓስፖርት አለህ?» አለችው።

«የለኝም» አለ። ፊት ለፊት ድምፁ ከሬዲዮው ይልቅ ወፈር ይላል።

«እንግዲያው ነገ በጠዋት ሄደን ወረፋ እንይዛለን» አለችና ቱቦው ላይ፣ እሱ ከተነሳበት ጎን፣ ተቀመጠች።