ከራዲያተሩ የጎደለው ውሃ

እኔ መሐመድአወል ሞተር ሲያስቸግረኝ የበላሁት ምግብ እንኳ አይረጋልኝም። በፈረንጆቹ 2016 ነው፣ ሳውዲ፣ ዳማም፣ አል መዝሩዒያ ሰፈር፣ አቡ ናይፍ ቤት ሾፌር ሆኜ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሚስቱን ማዳምን የማመላልስባት ትልቋ መኪና ውሃ መጨረስ ጀመረች። ማታ ራዲያተሩን እስከ አፉ ሞልቼ እተኛለሁ፤ ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት ላደርስ ስከፍተው ጎድሏል። ከሥሯ ካርቶን አንጥፌ አደርኩ፤ ካርቶኑ ደረቅ። ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ዳበስኩ፤ እነሱም ደረቅ። ታዲያ ያልፈሰሰ ውሃ ክንፍ አውጥቶ በረረ? ሰው እየቀዳው ነው አልኩ።

በዚያ ግቢ ከእኔ እኩል በጠዋት የሚነሳ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ የቤት ሠራተኛዋ ቦሰና። የደብረ ታቦር ልጅ ናት። አንድ ልጇን እናቷ ጋ ትታ ነው የመጣችው፤ ኮንትራቷን ልትጨርስ አምስት ወር ቀርቷታል። ከእሷ ጋር ዓይንና ናጫ ነን። ስልክ ደብቃ እንደምታወራ ለማዳም የነገርኩት እኔ ነኝ፤ ማዳምም ስልኩን ቀማቻት። ማን እንዳሳበቀባት መቼም አይጠፋትም። ልትበቀለኝ ነው እንጂ ሌላ ምን ጉዳይ አላት? ሞተሩ ከተቃጠለ የምባረረው እኔ ነኛ!

አንድ ቀን ለፈጅር ሶላት ስነሳ በር አጠገብ ካለችው ክፍሌ መስኮት አየኋት። ቆሻሻውን ጥላ ስትመለስ ወደ ቤት አልገባችም። መኪናዋና አጥሩ መሀል ገብታ ከሞተሩ ፊት አጎነበሰች፣ ቀና አለች፣ ደግማ አጎነበሰች። ደሜ ፈላ። ወጥቼ ስደርስ ሻሿን እያስተካከለች ነበር። ምን ትሠሪያለሽ ብላት ምንም አለችኝ፤ ዓይኗ ግን መሬት መሬት ያያል። እናንተስ ብትሆኑ ሌባ አትሉም? እኔም አልኩ።

ያን ዕለት ማታ የራዲያተሩን ክዳን በክር አሰርኩት። ጠዋት ክሩ እንዳሰርኩት አለ፤ ውሃው ግን ጎድሏል። ጤነኛ ሰው እዚህ ላይ ቆም ብሎ ያስባል። እኔ ፈትታ መልሳ አሰረችው አልኩ፤ እልህ ከያዘኝ እንዲህ ነኝ። መኪናዋን ሳስነሳ ከማርሚታው ቡልቅ የሚለውን ነጭ ጭስም የጠዋቱ ቅዝቃዜ ነው ብዬ አለፍኩት።

ለካፊሌ ለአቡ ናይፍ ነገርኩት። ቦሰናን ሳሎን አስጠርቶ መኪናው ጋ ምን እንደምትሠራ ጠየቃት። ዝም። ማዳም ጮኸችባት፤ እንባዋ ወረደ እንጂ አፏ አልተከፈተም። ኸላስ አለ አቡ ናይፍ፣ ሐሙስ በኹሩጅ፣ በመውጫ ቪዛ፣ አገሯ ትግባ። እስከዚያው ክፍሏ ተቆለፈባት። እኔስ? ልዋሽ አልችልም፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት ማዳምን ኹበር እህቷ ቤት አድርሼ ስመለስ መኪናዋ መሀል መንገድ ላይ ጋለች። የሙቀት መለኪያው ቀዩ ላይ ደርሶ ቆመ። ክዳኑን ብከፍተው ራዲያተሩ ግማሽ ሆኗል። ቦሰና ተቆልፎባታል፤ ታዲያ የዛሬውን ማን ቀዳው? መኪናዋን በጎታች መኪና አስጎትቼ ዳማም ጋራጆቹ ሰፈር ኢስሀቅ ጋ ወሰድኳት። ኢስሀቅ የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ አፉ ቀስ ያለ፣ እጁ ፈጣን የሆነ መካኒክ።

ሞተሩ እስኪበርድ አስጠበቀኝ። ከዚያ ራዲያተሩን ሞልቶ፣ ክዳኑን ሳይገጥም አስነሳ አለኝ። ውሃው ገና ሳይሞቅ እንደ ሽሮ ይንተከተክ ጀመር። የሞተር ዘይቱን ክዳን ገልብጦ አሳየኝ፤ ከሥሩ ወተት የገባበት ሻይ የመሰለ ነገር ተጋግሯል። የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበልቷል አለኝ፤ የሞተሩን ላይኛና ታችኛ ክፍል የሚያሽገው ስስ ነገር መሆኑ ነው። ውሃው በዚያ በኩል ወደ ሞተሩ ሆድ እየገባ፣ በማርሚታ በኩል ነጭ ጭስ ሆኖ ሲወጣ ከርሟል። ለዚህ ነው ካርቶኑ ደረቅ የሆነው።

ጣቱን ራዲያተሩ አፍ ውስጥ ከቶ ነጭ ቅርፊት አወጣ። የምን ውሃ ነው የምትሞላው አለኝ።

የቧንቧ። እኔ በአይሱዙ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ በደሴ መንገድ ሞተር ሲግል ቦርከና ወንዝ ወርደን በጀሪካን ቀድተን እንሞላ ነበር። እዚህ የሚሸጠውን አረንጓዴ ፈሳሽ ቀለም የገባበት ውሃ ነው፣ የነጋዴ ዘዴ ነው እያልኩ ሦስት ዓመት ሳቅሁበት። የዳማም ቧንቧ ጨዋማ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ለሻይ እንኳ አንነካውም። ብረት ምን ቸገረው ብዬ ነው። ጨዉ ግን ብረቱንም ጓርኒሲዮኑንም ሲበላ ኖሯል። ኢስሀቅ አዘነልኝ መሰለኝ፣ ለካፊልህ በእርጅና ነው እለዋለሁ አለኝ።

ያኔ የቦሰናን ነገር አወራሁለት። መፍቻውን አስቀመጠ።

«ስታጎነብስ ወዴት ዞራ ነበር?»

አሰብኩት። ወደ ፀሐይ መውጫ።

«አንተ ሰውዬ፣ አገርህ ክርስቲያን ጎረቤት አልነበረህም?»

ነበረኝ እንጂ! የጎረቤታችን እናት ጎህ ሲቀድ ደጃፋቸው ላይ እንዲያ ሲሰግዱ እያየሁ ነው ያደግሁት። ከዋናው ቤት መስኮት የማይታየው ቦታ ደግሞ ያ ብቻ ነው፤ በመኪናዋና በአጥሩ መሀል። የክርስቲያን ጸሎት በተከለከለበት አገር ማተቧን ደብቃ የምትኖር ልጅ ሳሎን መሀል አቁመዋት ምን ትበል? ምላሴን ይቁረጠው። እዚያው ጎማ ላይ ቁጭ አልኩ፤ አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ።

አቡ ናይፍ ወደ ማምሻው ጋራጁ መጣ። ኢስሀቅ ሊሸፍንልኝ አፉን ሲከፍት አላስቻለኝም። የጨው ውሃ የሞላሁት እኔ ነኝ፣ ቦሰና ክዳኑን ነክታው አታውቅም አልኩት። ታዲያ ጎህ ሲቀድ እዚያ ምን ትሠራለች ብሎ ያዘኝ። ከሥር የሚፈስ ካለ እንድታይልኝ ያዘዝኳት እኔ ነኝ፣ ስለተጣላን ነው የካድኳት አልኩ። ውሸት ነው፤ ወላሂ ብዬ ግን አልማልኩም። ቦሰና ትቆይ አለ፤ እኔ ግን ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ሲያልቅ ኹሩጅ ይመታልኝና እሄዳለሁ። ሁለታችሁንም አላምንም፣ መኪናው ማቆሚያ ላይ ነገ ካሜራ አሰቅላለሁ ብሎ ወጣ።

የቦሰናን ክፍል ቁልፍ ተቀብዬ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣለች። ሁሉንም ነገርኳት፤ የራዲያተሩን ነገር፣ የስልኩን፣ ውሸቴን፣ ካሜራውን። ማሪኝ አልኳት። አልሰደበችኝም፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ለልጇ ስትል አምስቱን ወር እንደምትጨርስ ነገረችኝና ልብሷን ከሻንጣው ታወጣ ጀመር። አንዱን ቀሚስ እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ።

«ከነገ ጀምሮ የት ቆሜ ልጸልይ?»

ግቢውን በሐሳቤ ከጥግ እስከ ጥግ ዞርኩት። አንድም ቦታ አጣሁላት።