የባሩድ ምርቃት

በሥራዬ ጣልቃ የሚገባብኝን ሰው አልወድም። በጃንሆይ ጊዜ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ያገለገልኩ ሰው ነኝ፤ ደርግ መጥቶ አለቆቼን ሲለቅማቸው ነው በሱዳን አድርጌ ለንደን የገባሁት። ስለዚህ በ1976 ዓ.ም. እዚያው ለንደን፣ ኤድመንተን ሰፈር፣ ሚስተር ፒርስ የሚባል ጠመንጃ ሻጭ ከሱቁ ጀርባ ጥይት እንድሞላለት ሲቀጥረኝ፣ ማንም የሚያስተምረኝ ነገር አለ ብዬ አላሰብኩም።

ሥራው ለዒላማ ተኳሾች ክበብ ጥይት በእጅ መሙላት ነው። የተተኮሰ ቀለህ ይጸዳል፣ አዲስ ማቀጣጠያ ይገጠምለታል፣ ባሩድ በትንሽ ሚዛን ተመዝኖ ይጨመርበታል፣ በመጨረሻ እርሳሱ፣ ማለት አረሩ፣ ቀለሁ አፍ ላይ ይተከላል። ባሩዱ የኔ ድርሻ ነበር። የቀረውን የሚሠራው ዘርኣይ የሚባል፣ በሃያ ዓመት የምበልጠው ዝምተኛ የአስመራ ልጅ ነው። ለተንሳኤ የምትባለው ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛ ነበር።

ሦስት ወር እንደሠራን ተኳሾቹ ማጉረምረም ጀመሩ። አንዱ ጥይት ከፍ ይላል፣ ሌላው ዝቅ። ሚስተር ፒርስ ፍጥነት የሚለካ ማሽን አምጥቶ አሥር ተኮሰ። እኩል መሮጥ የነበረባቸው ጥይቶች፣ በፈጣኑና በቀርፋፋው መካከል በሰከንድ የሰባ ጫማ ልዩነት አሳዩ። ባሩዱን ቀየርን፤ ያው። ማቀጣጠያውን ቀየርን፤ ያው። ቀለሆቹን በክብደታቸው ለየናቸው፤ አሁንም ያው ነው። የቀረው የሰው እጅ ነበር።

«ማን ነው?» አለኝ ሚስተር ፒርስ ለብቻዬ ጠርቶ።

«እኔ እያንዳንዷን በሚዛን ነው የማደርገው» አልኩት። «እሱን ቼክ ያድርጉት። እርሳሱን አንዱን ጠለቅ፣ አንዱን ብቅ አድርጎ ነው የሚተክለው። ልቡ እዚህ አይደለም፤ ያገሩ ጦርነት ላይ ነው።»

ይህችን የመጨረሻዋን ለምን እንዳከልኩ እስከዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። እርሳሱን ሲተክል እንኳ አንድ ቀን ቆሜ አይቼው አላውቅም። አርብ ዕለት ተሰናበተ። ኮቱን ለብሶ አንዴ አየኝና፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነስቶኝ ወጣ። አንድ ቃል አልተናገረም። ንጹሕ ቢሆን ዝም ይል ነበር? አልኩ በልቤ፤ ይህን ብዬም ደህና እንቅልፍ ተኛሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሁሉንም ብቻዬን ሠራሁ። ማሽኑ ልዩነቱን መቶ አርባ ጫማ አደረሰው። ሚስተር ፒርስ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ደሜ ፈላ፤ ቢሆንም ሥራዬን ቀጠልኩ። መዘንኩ፣ ቀለሁ ውስጥ ገለበጥኩ፣ መዘንኩ፣ ገለበጥኩ።

«አሁን የጨመርከው ምንድን ነው?» አለኝ።

«ምን ጨመርኩ?»

«ከሚዛኑ በኋላ። በጣትህ።»

ሳቅሁበት። ከዚያ ግራ እጄን አየሁት። ሁለት ጣቶቼ ከሳህኑ ባሩድ ቆንጥረው ወደ ቀለሁ አፍ እየሄዱ ነበር።

እናቴ ሮማንወርቅ ደሴ ገበያ እህል ትሸጥ ነበር፤ እኔም ከአምስት ዓመቴ ጀምሮ ከጎኗ ተቀምጬ ሰፍሬያለሁ። ጣሳው ከሞላ በኋላ ቆንጠር አድርገህ ምርቃት ካልጨመርክ ገበያተኛው ፊቱን ያጠቁርብሃል፤ ስስታም ትባላለህ። ቀለሁ ጎደል ያለ በመሰለኝ ቁጥር እጄ ሳላዘው ይመርቅ ኖሯል። ለአንዱ መርቄ ለሌላው እየተውኩ፣ እንዴት ብለው እኩል ይሩጡ?

ሚስተር ፒርስ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ጠመንጃው ተኳሹ ፊት ላይ ሊፈነዳ ይችል እንደነበር ነገረኝና፣ ግራ እጄን ኪሴ ከትቼ እንድሠራ አደረገኝ። ልዩነቱ ወደ ሃያ ጫማ ወረደ። ዘርኣይን አላነሳም፤ እኔም አላነሳሁም። ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ አሥራ ሁለት ቀን አለፈ።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ጨክኜ ዘርኣይ ያለጥፋቱ እንደተባረረ ለሚስተር ፒርስ ነገርኩት። «እንግዲያው ይመለስ» አለ፣ በቃ ይኸው ነው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አውቶቡስ ይዤ ዘርኣይ ቤት፣ ሆሎዌይ ሄድኩ። ኪልበርን አንድ መጋዘን ውስጥ ሣጥን መሸከም ጀምሮ ኖሯል፤ ወገቡን ይዞ በሩን ከፈተልኝ። ለተንሳኤ በዚያ ሆዷ ተነሥታ ወንበሯን ለቀቀችልኝ።

ሳልቀመጥ ተናገርኩ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ባሩዱን ከሚዛን በኋላ የምጨምረው እኔ ነበርኩ።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ ብዙነህ» አለኝ።

«ማን ነገረህ?»

«አይዎት ነበር። ሲጨምሩ ያየሁትን፣ እርሳሱን ከመትከሌ በፊት ደፍቼ እንደገና እመዝነው ነበር። ያላየሁት ነው ያመለጠኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም? ያን ዕለት እንኳ ለምን አልተናገርክም?»

«እርስዎ ታላቄ ነዎት። ፈረንጅ ፊት እንዴት አሳፍርዎታለሁ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የመጣሁበትን በችኮላ ተናገርኩ፤ ሚስተር ፒርስ ተመለስ እንዳለው፣ ሰኞ መጀመር እንደሚችል፣ ደመወዙም ያው እንደሆነ። ዘርኣይ ሚስቱን አየ፤ እሷም አየችው። ሥራውን ምን ያህል እንደሚፈልገው ከሁለቱም ፊት ላይ ይነበብ ነበር።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ። «ግን ይቅር። ተመልሼ አጠገብዎ ብቀመጥ፣ ባዩኝ ቁጥር ይሸማቀቃሉ።»

እግሩ ላይ ወድቄ ልለምነው ይገባኝ ነበር። እኔ ግን በውስጤ እፎይ አልኩ። ከሁሉም የሚያሳፍረኝ ይኸው ነው።