የጋሼ ሸዋንዳኝ አውላቂ ቁልፍ

የጋሼ ሸዋንዳኝ ስም ሲነሳ ዛሬም ትንሽ ደሜ ይፈላል። ቢሆንም እግዜር ይስጣቸው፤ ዕድሜያቸውን ያርዝመው። ሁለቱንም ከልቤ ነው የምለው።

ሲቀላ በሚባለው ሰፈራችን፣ ገበያው አጠገብ ያለው ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ የሳቸው ነው። እኔ ምድር ቤቱ ላይ ሙዝና አቮካዶ እሸጣለሁ፤ ከጎኔ ዳግም የሚባል ሰው መድኃኒት ቤት አለው። የሱቆቹን የበር ቁልፍ ጋሼ ራሳቸው ናቸው ከአዲስ አበባ ያመጡት። ለእኛ የሰጡን ቁልፍ የየራሳችንን በር ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ከዚያ አያልፍም። እሳቸው ጋ ያለው ግን ሌላ ነው። የፈለጉት በር ላይ ከተው ትንሽ ዞር ካደረጉት፣ በሩ ላይ የተገጠመው ቁልፍ ሆድ ዕቃው እንዳለ ተስቦ ይወጣል። በቦታው ሌላ ከከተቱበት፣ በሩ ሳይነካ የትናንቱ ቁልፍህ ዛሬ ተራ ብረት ነው። እኛ «አውላቂው» እንለዋለን። ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ አስረውት ነው የሚዞሩት።

አምና አውላቂውን በእኔ ላይ አወጡት። ቅርጫቶችሽን ከመተላለፊያው አንሺ ሲሉኝ፣ ደጄ ነው ብዬ እምቢ አልኩ። ጠዋት ስመጣ ቁልፌ አልዞር አለኝ። ቅርጫቶቹን እስካነሳ አልከፈቱልኝም፤ ሙዜ ውስጥ ጠቆረ። ያን ቀን ገበያ መሀል አንቱታውን ጥዬ «አንተ ሽማግሌ» አልኳቸው። ሰላምታ ተቋረጠ። ቅርጫቶቹንም በሳምንቱ ወደ መተላለፊያው መለስኳቸው፤ እልህ ነዋ!

ልጄ ኢያኤል ስኳር አለበት። ኢንሱሊኑ ቀዝቃዛ ቦታ ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ፍሪጅ የለኝም። ስለዚህ ዳግም እሱ ጋ ያስቀምጥልኛል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት በእጄ የነበረው ብልቃጥ አምልጦኝ ተሰበረ። እየሮጥኩ ስመጣ የዳግም ሱቅ ዝግ ነው። ለቅሶ ደርሶበት ቁልፉን እንደያዘ ጨንቻ ወጥቷል፤ ስልኩም አይሠራም። ሌሎቹን መድኃኒት ቤቶች በባጃጅ አዳረስኳቸው፤ የልጄ ዓይነት የለም። ጎረቤቴ ደውላ፣ ልጁ ውሃ ውሃ ይላል፣ ማስመለስም ጀምሯል አለችኝ። ሐኪሙ ጋ ብደውል፣ እኛም ጋ አልቋል፣ ልጁንም መድኃኒቱንም ይዘሽ ቶሎ ነይ አለኝ።

በመስታወቱ ፍሪጁ ይታየኛል። የልጄ ነፍስ እዚያ ውስጥ ነው፤ እኔ ውጭ ቆሜያለሁ።

ፎቅ ላይ ወዳለው ቤታቸው ወጣሁ። ሬዲዮ ይሰማሉ።

«ጋሼ፣ ልጄ ሊሞትብኝ ነው። አውላቂውን ያውጡልኝ።»

መድኃኒቱ የማን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ የልጄ ነው አልኩ። የሰው ሱቅ ባለቤቱ ሳይኖር ከፍተው እንደማያውቁ ነገሩኝ። ይህን እያሉ ግን ለካ ጫማቸውን እየፈለጉ ነው። አንዱን ሲያጡት በአንድ እግራቸው ሸበጥ አድርገው ወጡ።

ጉልበታቸው ታማሚ ነው። ግድግዳውን ተደግፈው ወረዱና መተላለፊያው ላይ ሲደርሱ የኔ ቅርጫቶች ተደርድረዋል። መደገፊያ አልነበራቸውም። ትከሻዬን ይዘው እግራቸውን አንድ በአንድ አሻገሩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አውላቂውን ከአንገታቸው ሳያወጡ ጎንበስ ብለው የዳግም በር ላይ ከተቱት። ዞር አደረጉት፣ ሳቡት፤ የቁልፉ ሆድ ዕቃ እጃቸው ላይ ቀረ። በባዶው ቀዳዳ ካቻቪቴ ሰደው ሲያዞሩ በሩ ተከፈተ። የኢያኤል ስም ያለበትን ብልቃጥ አንስቼ፣ ልጄን ይዤ ሐኪሙ ጋ በረርኩ። እሳቸው ሱቁን ሊጠብቁ ቀሩ።

ከሰዓት በኋላ ልጄ ዓይኑን ገልጦ ራበኝ አለ። እንደዚያ ቀን አልቅሼ አላውቅም።

ላመሰግናቸው ስመለስ የቁልፉን ሆድ ዕቃ መልሰው በሩን ዘግተው፣ የዳግም ሱቅ ደጅ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ዳግምም በስልክ ተገኝቶ መርቋቸዋል። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ያዙኝ። ከዚያ ከኪሳቸው ቁልፍ አውጥተው እጄ ላይ አደረጉ። ሁለተኛው አውላቂ ነበር።

«እኔ አርጅቻለሁ፤ የምታጪኝ ቀን ይመጣል» አሉ። «አንቺ ጋ ይኑር።»

የሱቆቹ ሁሉ በር፣ የሳቸውም ቤት ጭምር፣ እጄ ላይ ነበር። በሬን የዘጉብኝ ሰውዬ! «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» ብዬ ቁልፉን ጨበጥኩ።

በማግስቱ፣ ማንም ሳያዘኝ፣ ቅርጫቶቼን አንድ በአንድ ወደ ውስጥ አስገባሁ።