የኡዶራ የመጀመሪያዋ መንገደኛ

ባሏ ሄስኬት ከሞተ ወዲህ ኡዶራ ታክሲውን ልሽጠው ብላ ሦስት ጊዜ ተነስታ ሦስቴም ትታዋለች። በዚያ ማክሰኞ ጧት ግን መሪውን ራሷ ጨብጣ ወደ ደሴቲቱ ዋና ከተማ ወደ ሮዞ ወደብ ወረደች። ከከተማዋ ሕንፃዎች ሁሉ የሚረዝም አገር ጎብኚዎች የጫነ መርከብ ገብቷል። ወንዶቹ ሹፌሮች ሲያዩዋት ተጠቃቀሱ።

«ኧረ ኡዶራ! ያቺ አሮጌ መኪና ዳገት ላይ ስትቆም ማን ሊገፋልሽ ነው?» አለ አንዱ።

«አንተ አለህልኝ አይደል? ያ ቦርጭ ሥራ ፈቶ ከሚቀመጥ!»

ሳቁ። ከመርከቡ የወረዱት እንግዶች ግን አዳዲሶቹን መኪኖች እየመረጡ አለፏት። አራት ሰዓት ግድም አንዲት ምርኩዝ የያዙ አሮጊት ብቻቸውን መጡ። ስማቸው ዶርቲያ ነው፤ ከኖርዌይ።

«ፏፏቴ ፍለጋ አልዞርም፣ ጉልበቴን ያመኛል» አሉ። «አንቺ ዕረፍት ስታገኚ የት ትሄጃለሽ ልጄ? እዚያው ውሰጂኝ።»

ኡዶራ ዕረፍት ስታገኝ የምትሄደው ሱፍሪየር ነበር፤ የሄስኬት መንደር፣ ከአሸዋው ሥር ፍል ውኃ የሚንፎለፎልበት ባሕር ዳር። ከቀብሩ ወዲህ ግን ስምንት ወር አልረገጠችውም። የባሏ ታናሽ ወንድም ኦጊስት «ወንድሜ እናቱ አጠገብ ይቀበር» ሲል፣ እሷ «እኔ አጠገብ፣ ሮዞ» ብላ ቀበረችው። መቃብሩ አፋፍ ላይ የማይባል ተባባሉ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለም።

ሌላ ቦታ መጥራት ትችል ነበር። ግን መዋሸት አቃታት። «ሱፍሪየር» አለች።

ሱፍሪየር ሲደርሱ ዶርቲያ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ድንጋዮቹ መሀል ፍል ውኃው ውስጥ ተቀመጡ። የመንደሩ ሴቶች በእሳት የተጠበሰ፣ እንደ ዳቦ የሚበላ የዛፍ ፍሬና ዓሣ አቀረቡላቸው፤ እሳቸውም በጣታቸው በሉ፤ ጣታቸውንም ላሱ። «ባለቤቴ ካረፈ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው» አሏት ኡዶራን። «ብቻዬን መብላት ለምጄ፣ ምግብ እንደሚጣፍጥ ረስቼው ነበር።» ኡዶራ ዓይኗን ወደ ባሕሩ መለሰች።

ከቀትር በኋላ ዝናቡ ወረደ። ሲያባራ አንድ ሰው እየሮጠ መጥቶ ተራራው ተንዶ የሮዞን መንገድ እንደዘጋው ነገራቸው። ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ነው፤ መርከቡ አሥራ አንድ ላይ ይነሳል። ከጀልባ በቀር የሚያደርስ የለም፤ የመንደሩ አጥማጆች ደግሞ ባሕር ላይ ናቸው። ሞተር ያላት ጀልባ ይዞ ዳር ላይ የቀረው ኦጊስት ብቻ ነበር።

ኡዶራ ወደ እሱ ሄደች። ኦጊስት መረብ ይጠግናል።

«መንገዱ ተዘግቷል» አለችው። «መንገደኛ ይዣለሁ።»

«የማን መንገደኛ?»

«የእኔ። የመጀመሪያዬ ናቸው።»

«በሄስኬት መኪና?»

«በሄስኬት መኪና።»

መረቡን ለቀቀው። «ሄስኬት መንገደኛ ከመርከብ አስቀርቶ አያውቅም» ብሎ ተነሳ።

አሮጊቷን አዝሎ እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ገባ። እሳቸው ጀርባው ላይ ሆነው እንደ ኮረዳ ሳቁ። «ኡዶራ!» አሉ ከጀልባዋ፤ «ዛሬ ቀኑን ሙሉ ጉልበቴ ትዝ አላለኝም። እግዜር ይስጥልኝ!»

መኪናዋን ትታ መሄድ ስላልፈለገች ኡዶራ ዳር ላይ ቀረች። አሥራ አንድ ሲሆን የመርከቡ ጥሩምባ ከሩቅ ተሰማት። ፀሐይ ስትጠልቅ ኦጊስት ተመለሰ።

«ደረሱ?»

«ደረሱ፣ ለጥቂት! የመርከቡ ደረጃ ላይ ሆነው እጃቸውን ሲያወዛውዙ ምርኩዙ አመለጣቸው፤ አንድ መርከበኛ ነው የቀለበላቸው። እስኪገቡ ድረስ ስምሽን ይጠራሉ።»

ሳቀች፤ ሳቋ መሀል እንባዋ መጣ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ኦጊስት።»

«ምኑን?» አለና ጀልባዋን ጎተተ። «መንገዱ ነገ ነው የሚጠረገው። የት ልታድሪ ነው?»

«መኪናው ውስጥ።»

«የወንድሜ ሚስት መኪና ውስጥ አደረች ሲባል፣ ሰው ምን ይለኛል? ተነሽ፣ ባለቤቴ ሾርባ ጥዳለች።» ጥቂት እርምጃ እንደሄዱ፣ ፊቱን ሳያዞር «እሁድ ሮዞ እወርዳለሁ» አለ። «መቃብሩ ድረስ ውሰጂኝ። ሣር ከበቀለበት አርምለታለሁ።»

ኡዶራ ለተናደው ተራራ እንኳ በልቧ ምስጋና እያቀረበች ተከተለችው።